እርከኑ ላይ ያልወጣ ሒሳብ

የመካነ ሰላምና የዙሪያዋ ወላጆችና መምህራን፣ ስሙኝ። ልጆቻችን ከሁለት ያጡ እየሆኑ ነው። የአባታቸውን ሙያ አልወረሱም፤ የመጽሐፉንም ዕውቀት አልጨበጡም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። ስለ ኩረጃና ስለ ፈተናው ክብደት ብዙ አወራን። የወደቀው ልጅ ቤቱ ሲገባ በእጁ ምን እንደያዘ ግን ማን ጠየቀ? 12 ዓመት ተምሮ የቆመ የውኃ ፓምፕ ፈትቶ ማየት የማይደፍር ወጣት ነው የሚመለስልን።

ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን አያጽናናኝም። እኔ ቲትሬሽን የተባለውን የኬሚስትሪ ሙከራ የተማርኩት በጠመኔ ነው። መምህራችን የሙከራውን መለኪያ ቱቦ፣ ቢዩሬቱን፣ ሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ ፊኖልፍታሊን ሲጨመር የሚመጣውን ቀለም በሮዝ ጠመኔ ቀባልን። ፈተናውን አልፌያለሁ። ቢዩሬት የጨበጥኩት ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ ያኔ የተሰማኝ ሐፍረት እስከዛሬ አለ።

አገሩን ተመልከቱት። ቦረናም ሳይንትም ወግዲም ተዳፋት ነው፤ አፈራችን በየክረምቱ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በየዓመቱ ጥር ግድም ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፣ በገመድና በውኃ ልክ እርከን ይቀይሳል። በዚያው ሰሞን ልጁ ክፍል ውስጥ ታንጀንት ይሸመድዳል። 10 ሜትር ገመድ በውኃ ልክ አግድም ተወጥሮ መሬቱ 2 ሜትር ከወረደ፣ ታንጀንቱ 0.2፣ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው። አባትና ልጅ አንድ ነገር እየሠሩ አይተዋወቁም!

እጅንና ዕውቀትን የማገናኘት ጅምር ግን ነበረን። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢው እዚሁ መካነ ሰላም ነው። ስሙን ያገኘበት አምባ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ዛሬም አለ፤ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. ገደል እየተናደ መንገድ እየተጠረገለት ተጎትቶ የወጣው። አፄ ቴዎድሮስ ወጣቶችን እዚያው ጋፋት ከነበሩት አውሮፓውያን ሙያተኞች ሥር አድርገው ሙያ ያስለምዱ ነበር። ንጉሡ ሞቱ፣ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሄዱ፣ ጅምሩም ተበተነ። ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ መሸሽ ግን አልተበተነም፤ ዛሬ ልጆቻችን ከመዶሻ እንዲርቁ የምናደርገውም በዚሁ ንቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደግሞ ይብሳል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በሩ ሲከፈት ምዕራፍ ለመጨረስ ሩጫ ይሆናል፤ በሩጫው መጀመሪያ የሚቆረጠው የተግባር ክፍለ ጊዜ ነው። እባካችሁ አታስቆርጡት! ወላጅ፣ ልጅህ ደብተሩን ሲያሳይህ «በእጅህ የሠራኸውስ?» በለው። ርዕሰ መምህር፣ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከመሳቢያ አውጣ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራችሁን ለሁለተኛ ደረጃ ልጆች ክፈቱ። የሒሳብ መምህር፣ ጥር ሲመጣ ተማሪዎችህን ይዘህ እርከኑ ላይ ተገኝ፤ የገመዱን አንድ ጫፍ አባት፣ ሌላውን ልጅ ይያዝ።