ድርሰቱ የማን ነው?

ልጁን ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመላክ ያሰበ ቤተ ሰብ ከማርክና ከምስክር ወረቀት ሌላ የሚያሰናዳው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተማሪው ስለ ራሱ የሚጽፈው ድርሰት ነው። በአገራችን ይህ ልማድ የለም። ልጁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ይፈተናል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም በውጤቱ መሠረት ይመድበዋል፤ «አንተ ማን ነህ? ምንስ ታስባለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። በአሜሪካ ግን ከ1,000 የሚበልጡ ኮሌጆች የሚቀበሉት «ኮመን አፕ» የተባለ የጋራ ማመልከቻ አለ፤ በዚህም ላይ አመልካቹ እስከ 650 ቃላት የሚደርስ ድርሰት ይጽፋል።

ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ግን ይህን ድርሰት ልጁ ብዕር ሳያነሣ ማግኘት ተቻለ። ስለዚህ ተቋሞቹ ደንብ አወጡ። ኮመን አፕ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራውን ዋና ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብን ከማጭበርበር ቈጠረው። ብራውን ዩኒቨርሲቲ በማመልከቻው ይዘት ላይ በማናቸውም ሁኔታ አልፈቅድም ይላል። የእንግሊዝ አገሩ ዩካስም ሙሉውን ወይም አብዛኛውን በመሣሪያ አስጽፎ የራሴ ነው ማለት እንደ ማታለል ሊቈጠር እንደሚችል ያስታውቃል። በካሊፎርኒያ ያለው ካልቴክ ግን ነገሩን ለይቶ ይናገራል፤ ተጽፎ ያለቀውን ድርሰት ፊደሉንና ሰዋስዉን በመሣሪያ ማረም ይፈቀዳል፤ ንድፉን ወይም ረቂቁን ማሠራት ግን አይፈቀድም። ለተጠራጠረ አመልካች የሚሰጠውም መመዘኛ፥ ይህንኑ ሥራ የምታምነው ትልቅ ሰው ቢሠራልህ ተገቢ ይሆን ነበርን? የሚል ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ የተጣመመውን ያቃናል፥ የጎደለውን ያሳያል፤ ነገር ግን የሌላውን ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ቅኔ ቈጠረ አይባልም። እርማቱ የመምህሩ፥ ቈጠራው የተማሪው ነው። (በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉትን አንሥቶ የሚከራከረኝ አይጠፋም። እነርሱ ግን ማንንም አያታልሉም፤ ቃሉ የጸሐፊው፥ ጉዳዩ የባለጉዳዩ መሆኑን ዳኛውም ያውቃል።)

ዳሩ ግን በዚሁ በካልቴክ ደንብ ውስጥ ለእኛ ልጆች የሚከብድ ቃል አለ፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፈን ድርሰት በመሣሪያ ማስተርጐም ከማይገቡት ሥራዎች ጋር ተቈጥሯል። በድሬዳዋ ገጠር፥ በዋሂል ያለ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ይናገራል፤ ወደ ከተማ ሲመጣ አማርኛ ይሰማል፤ እንግሊዝኛን የሚያገኘው ከክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ሐሳቡ ሁሉ የራሱ ሆኖ ሳለ በቋንቋው ምክንያት ከአታላዮች ጋር ሊደመር ነው። ዩኒቨርሲቲው የልጁን እንግሊዝኛ ራሱን ማየት ይሻል ቢባል ያስኬዳል፤ ሆኖም በእኔ አስተያየት ደንቡ በዚህ ላይ ጠንክሯል።

ከዚህ የባሰም አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈውን ለይተን እናውቃለን የሚሉ ሰባት መርማሪ መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው ፈተና በራሳቸው እጅ ከጻፉአቸው 91 ድርሰቶች መካከል በአማካይ ከግማሽ የሚበልጡትን መርማሪዎቹ በሐሰት «በመሣሪያ የተጻፈ ነው» አሉአቸው። በአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ልጆች የጻፉትን ግን በትክክል ለዩ ማለት ይቻላል። ምክንያቱም በተማሩት ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ቃላቸው ውስን፥ አረፍተ ነገራቸውም ያልተወሳሰበ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የእኛ ልጅ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት ነገር ያስፈልገዋል። ረቂቁን በደብተር በብዕር ይጻፍ፥ በየገጹ ቀኑን ያኑር፥ የሰረዘውን ገጽ አይቅደድ። አስተማሪውም እርማቱን በዚያው ደብተር ላይ ያድርግለት።

«ሁሉም ሲያደርገው የእኔ ልጅ ብቻ ለምን ይቅርበት?» የሚል ወላጅ ይኖራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር በተሰጠ ጊዜ፥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ነገሩ ሌላም ምክንያት አለው፤ ነገር ግን በሰው መልስ ሲያልፍ የኖረ ልጅ ብቻውን በተቀመጠ ጊዜ ምን እንደሚገጥመው ያን ዓመት ብዙ ቤት አይቶታል። የተበደረው እንግሊዝኛ ቢያስገባውም እንኳ፥ በመጀመሪያው ወር ከመምህሩ ፊት ለብቻው ቁጭ ብሎ ይጽፋል።

ደግሞም መሣሪያው የሚያወጣው ድርሰት እንደሚታሰበው የሚደነቅ አይደለም። የገጠር ልጅ ነኝ ቢሉት፥ ከድሀ ቤተ ሰብ ተወልጄ፥ ብዙ መከራ አይቼ፥ ሐኪም ሆኜ ወገኔን ልረዳ እሻለሁ ይላል፤ ይህንንም አንባቢዎቹ ከየአገሩ ሲቀበሉት ይውላሉ። የዋሂሉ ልጅ ግን ማሽላ ከወፍ ሲጠብቅ የትኛው ወፍ በምን ሰዓት እንደሚመጣ፥ ወንጭፉን መቼ እንደሚያነሣ፥ በዚያ ሁሉ ሰዓት ብቻውን ምን ሲያስብ እንደሚውል ያውቃል። ይህን ማታ በቤት ቋንቋው ለእናቱ ይንገራት፤ እርስዋም ያልገባትን ትጠይቀው። በማግሥቱም በሚችለው እንግሊዝኛ ራሱ ይጻፈው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ መቀበል የሚያቆሙት በታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ ስለ ሆነ፥ በመስከረም ቢጀምር ሦስት አራት ጊዜ ለማረም ይደርሳል።