«ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም

በደቡብ ኮሪያ 40 ዓመት የሞላው ሰው ሆዱን ባያመውም በየሁለት ዓመቱ ጨጓራውን እንዲመረመር መንግሥት ይጠራዋል። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ኢንዶስኮፒን ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ የጨጓራን ግድግዳ ያሳያል። የጨጓራ ካንሰር ሥር ሳይሰድ ስለሚደረስበት ከአሥር ታማሚዎች ከሰባት በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ምርመራ በሌላት አሜሪካ ግን ቁጥሩ አራት እንኳ አይሞላም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆድ እያቃጠለም መርማሪ ጋ የሚሄድ ጥቂት ነው። «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ ተልባ ይበጠበጣል፣ ሚጥሚጣው ይቀራል፣ ከሰፈር መድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ይገዛል። ሲሻል ይተዋል፣ ሲያገረሽ እንደገና ይገዛል።

ታዲያ የኮሪያን መንገድ መከተል ነው? አይደለም። እዚያ በሽታው እጅግ የተስፋፋ ነው፤ እዚህ ደግሞ መሣሪያውም ባለሙያውም በትልልቅ ከተሞች የተወሰነ ነው። ጤነኛውን ሁሉ ማሰለፍ ደም የሚያስመልሰውን ሰው ወረፋ ይነጥቀዋል።

ከካንሰሩ ጀርባ በብዛት የሚገኘው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በታይዋን ማትሱ ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ነዋሪው በትንፋሽ ምርመራ እየተለየ ታከመ፤ ከዚያ ወዲህ በጨጓራ ካንሰር አዲስ የሚያዘው ሰው በግማሽ ያህል ቀነሰ።

በኢትዮጵያም ባክቴሪያው ግማሽ ያህሉን ሕዝብ ይዟል፤ የሚመዘገበው የጨጓራ ካንሰር ግን ከምሥራቅ እስያ በጣም ያንሳል። ተመራማሪዎች «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» የሚሉት ይህንን ነው። አንዳንዶች ምክንያቱን ከባክቴሪያው ዝርያ ይፈልጉታል፤ ሌሎች ሳይመረመር የሚሞተው ብዙ ነው ይላሉ።

ባክቴሪያውን የሚለየው የሰገራ ምርመራ ውድ አይደለም። ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ምርመራው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኦሜፕራዞል ያላቆመ ሰው ባክቴሪያው እያለበት «የለም» ሊባል ይችላል። የደም ምርመራው ደግሞ የዳነውንና አሁን የታመመውን አይለይም። ሲሻለው አንቲባዮቲኩን አጋምሶ የሚተው ሰው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል።

የቤተሰብ ታሪክም ይጠየቅ። በኒውዚላንድ በዚህ ካንሰር ብዙ ዘመዶቹን የቀበረ የማኦሪ ቤተሰብ ምክንያቱ እንዲጠና ራሱ ተመራማሪዎችን ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲዲኤች1 በተባለው ዘረ መል ላይ ያለው ጉድለት ታወቀ። ዛሬ የቤተሰቡ አባላት በደም ተመርምረው ጉድለቱን መውረስ አለመውረሳቸውን አስቀድመው ማወቅ ይችላሉ።

ለኢትዮጵያ የሚበጀው ፍለጋ እንግዲህ ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ቢጀምር ይሻላል፤ ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ለሦስተኛ ጊዜ ኦሜፕራዞል ሊገዛ የመጣ ደንበኛ አምስት ነገር ይጠየቅ፦ ከስቷል? ሰገራው ጠቁሯል? ሲውጥ ይተናነቀዋል? ጥቂት ጎርሶ ይጠግባል? ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በጨጓራ ካንሰር ታመዋል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ያለ ሰው ሌላ ፓኬት ሳይሆን ወደ ሐኪም የሚልከው ወረቀት ይሰጠው። ጤና ጣቢያውም ወረቀቱን ሲያይ ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ሳያመላልስ ይላከው።