ከብረት ማጽጃ ገንዳ የሚወጣው አሲድ እና መልሶ የመጠቀም አማራጮች

የመብራት ምሰሶም ሆነ የውኃ ቧንቧ በዚንክ ከመለበጡ በፊት ዝገቱ እንዲለቅ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ገንዳው አዲስ ሲሞላ የአሲዱ መጠን በአብዛኛው 15 በመቶ ገደማ ነው። ሥራው በቀጠለ ቁጥር አሲዱ ይደክማል፤ የሟሟው ብረትም ይጨምራል። በአንድ ሊትር ከ100 ግራም በላይ ብረት ሲጠራቀም ማጽዳቱ እየዘገየ ስለሚሄድ ፈሳሹ መለወጥ ይኖርበታል። የሚወጣው ፈሳሽ ግን አሁንም ቆዳ የሚያቃጥል፣ ብረትና ዚንክ የተሸከመ አደገኛ ቆሻሻ ነው።

የተለመደው መፍትሔ አሲዱን በኖራ ማርገብ ነው። ቀላል በመሆኑ ይመረጣል፤ ሆኖም ችግሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያዛውራል እንጂ አያስወግደውም። ብረቱና ዚንኩ ዝቃጭ ሆነው ይቀራሉ፤ ዝቃጩም ራሱን የቻለ የማስወገጃ ሥፍራ ይፈልጋል። ክሎራይዱ ደግሞ በኖራ አይለይም፤ ሟሙቶ ከውኃው ጋር ይወርዳል። እንደ አቃቂ ባሉ፣ ውኃቸው ለአትክልት መስኖ በሚውል ወንዞች ተፋሰስ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ፈሳሹን በከፍተኛ ሙቀት በማቃጠል አሲዱን መልሶ ማግኘት ይቻላል። በዚህ ሂደት 18 በመቶ ገደማ የሆነ አሲድ ወደ ገንዳው ሲመለስ ብረቱ ለቀለም ግብዓት የሚሆን የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ምድጃው ከፍተኛ ነዳጅና ካፒታል ስለሚጠይቅ ለትላልቅ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች እንጂ ለአንድ አነስተኛ ወርክሾፕ አያዋጣም። ለአነስተኞቹ የሚቀርበው አማራጭ ፈሳሹ ተሰብስቦ ለፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ግብዓት እንዲሆን ማድረግ ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት ክሎራይድ ፎስፈረስን ለመለየትና መጥፎ ሽታን ለመቀነስ ያገለግላል።

ሁለቱንም መንገዶች የሚያሰናክለው ዚንክ ነው። ዚንኩ በብዛት የሚገባው ልባጣቸው የተበላሸ ዕቃዎች በዚያው የዝገት ማጽጃ ገንዳ ሲገፈፉ ነው። ለእነዚህ ዕቃዎች የተለየ ገንዳ መመደብ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የአሲዱን ዕጣ ይለውጣል።

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት አደገኛ ቆሻሻን ማመንጨት፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝም ሆነ ማከም ፈቃድ ይጠይቃል። በመሆኑም አሲዱን በበርሜል የሚያስረክብ ድርጅት አስቀድሞ የተረካቢውን ፈቃድ ማየት ይገባዋል። ማንኛውም ሰው በግሉ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊወስድ ይችላል።