ቆጣሪው በአከራዩ ስም ነው፦ ሊኑክስ በዊንዶውስ ውስጥ፣ ከአምቦ ሲታይ

አምቦ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። የክፍሉ ቁልፍ በኪሱ ነው፤ የመብራት ቆጣሪው ግን በአከራዩ ስም ነው። «ምጣድ መሰካት ክልክል ነው» ከተባለ ክልክል ነው። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ኮምፒውተር የሚያጠና ወጣትም በላፕቶፑ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን ሲከፍት የሚገባው ውል ከዚህ ብዙ አይለይም።

ማይክሮሶፍት ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደውን ደብሊው ኤስ ኤል የተባለ ሥርዓት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራው በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ነበር። በ2019 ይፋ የተደረገው ሁለተኛው ትውልድ ከርነል የሚባለውን እውነተኛውን የሊኑክስ አስኳል ይዞ መጣ። በ2021 ደግሞ ምስል ተጨመረበትና የሊኑክስ ፕሮግራም መስኮት ከዎርድና ከኤክሴል ጎን ይከፈት ጀመር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተሰቡ ተቸግሮ በገዛለት አንድ ላፕቶፕ የሚማር ልጅ ሃርድ ዲስኩን ሳይከፋፍል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ይጠፋል ብሎ ሳይሰጋ ሊኑክስን መለማመድ ይችላል።

ጥያቄው የሚመጣው ምስሉ በማን በኩል ነው የሚሳለው ሲባል ነው። አንድ ፕሮግራም ግራፊክስ ካርድን በቀጥታ አያዝም፤ በመሃል መግባቢያ ቋንቋ ያስፈልገዋል። ኦፕን ጂኤል በ1992፣ ቫልካን በ2016 የወጡ ማንኛውም አምራች ሊጠቀምባቸው የሚችሉ የጋራ ቋንቋዎች ናቸው። ዳይሬክት ስሪዲ የማይክሮሶፍት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሜታል ደግሞ የአፕል ነው። አፕል በ2018 ለኦፕን ጂኤል የሚሰጠውን ድጋፍ ወደ ማቆም መሄዱን ሲያስታውቅ ፕሮግራም ሠሪዎችን «ወደ ራሴ ቋንቋ ኑ» ማለቱ ነበር።

በዊንዶውስ ውስጥ የሚኖረው ሊኑክስ ግራፊክስ ካርዱን አይነካውም። የሊኑክሱ ፕሮግራም በኦፕን ጂኤል ሲናገር፣ ሜሳ የተባለው የክፍት ምንጭ ቤተ መጻሕፍት ንግግሩን ወደ ዳይሬክት ስሪዲ 12 ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ወደ ዊንዶውስ ድራይቨር ይሻገራል፤ ካርዱን የሚያዘው እሱ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን መሻገሪያ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል ሲያቀርብ አንዳንድ የከርነሉ ግራፊክስ ባለሙያዎች የተቃወሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። በሩ ሊኑክስ ላይ ይገጠማል፤ ከበሩ ጀርባ ያለው ግን ዝግ ነው፣ የሚያገለግለውም ዊንዶውስ ከሥሩ ሲኖር ብቻ ነው። በ2025 ማይክሮሶፍት የደብሊው ኤስ ኤልን አብዛኛውን ምንጭ ኮድ መክፈቱ ያስመሰግነዋል፤ ዳይሬክት ስሪዲ ግን ዛሬም የባለቤቱ ነው።

ትርጉም በራሱ ነውር የለበትም። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ከ2018 ጀምሮ ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል። ፕሮቶን በተባለው መሣሪያው ለዊንዶውስ የተሠሩ ጨዋታዎችን ከዳይሬክት ስሪዲ ወደ ቫልካን እየተረጎመ በሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። ልዩነቱ ትርጉሙ የሚያርፍበት መሬት ላይ ነው፦ አንዱ በጋራ መሬት ላይ ያርፋል፣ ሌላው በአንድ ባለቤት ግቢ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲገባ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ በ1999 ለኢትዮጵያ ፊደል የጋራ ቦታ ሲሰጥ ነው መውጫው የተገኘው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በአሮጌው አሠራር የተጻፉ ሰነዶችን መልሶ ማንበብ ስንቱን ቢሮ አድክሟል። የዚያን ጊዜው ጣጣ ከፊደሎቹ ውበት ጋር አይገናኝም፤ መግባቢያው የጋራ ባለመሆኑ የመጣ ነው።

አሁን ሂሳቡ ወደ ምዕራብ ሸዋ ይመጣል። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ላፕቶፕ መቀየር ለጊንጪም ለጌዶም ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው። የደብሊው ኤስ ኤል ሁለተኛው ትውልድ፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ እስከ ግማሽ የሚደርስ ራም መውሰድ ይችላል። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ይህ ቀልድ አይደለም። ብቻውን የተጫነ ቀለል ያለ ሊኑክስ ግን ያንኑ አሮጌ ማሽን የደኅንነት ማሻሻያ እያገኘ ለዓመታት ሊያቆየው ይችላል። ተከራዩ ሊኑክስ ይህን አያደርግም፤ ዊንዶውሱ ሲያረጅ አብሮ ያረጃል።

«ገበያው የሚፈልገው ዊንዶውስ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው። ፒችትሪ የሚሠራ የሂሳብ ሠራተኛና አውቶካድ የሚሠራ መሐንዲስ ዊንዶውስን ሊተዉ አይችሉም፤ ማንም ይተዉ አላለም። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ብሎ ዘመቻ የጀመረ ሀገር ኮድ የሚጽፉ ወጣቶቹ ከሥር ያለውን ሳያዩ እንዲያድጉ መፍቀድ የለበትም። የዓለም ሰርቨሮችና የአንድሮይድ ስልኮች ከሥራቸው ያለው ሊኑክስ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በአምቦም በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ቢያንስ አንድ ላብራቶሪ ሊኑክስ ብቻውን የተጫነበት ይሁን። የኮምፒውተር ግራፊክስ ትምህርት በኦፕን ጂኤል ወይም በቫልካን ይሰጥ፤ የተማሪው ሥራም በተከራዩም በራሱ በቆመውም ሊኑክስ ላይ ተሞክሮ ይታረም። የሶፍትዌሮቹ ቅጂ በግቢው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። የአምቦው ልጅ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል መቋረጡን የዚያ አካባቢ ሰው አይረሳውም። ኔትወርክ ሲጠፋ የግቢው ቅጂ አለ።

ደብሊው ኤስ ኤልን ማጥፋት አያስፈልግም። ተከራይቶ መጀመር የወግ ነው፤ ብዙ ሰው ኑሮውን የጀመረው እንደዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪውን ሲያስመርቅ ቢያንስ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት የሚችል ሰው አድርጎ ማስመረቅ አለበት።