የገብስ ፍርፍር ከባቄላ ጋር

በደባርቅና በዳባት ብርድ ጧት ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ የገብስ ቂጣ ፍርፍር የሚያህል ቁርስ የለም። (ኦስትሪያውያንም በዱቄት፣ በወተትና በእንቁላል ጋግረው የሚቆራርሱት፣ በንጉሠ ነገሥታቸው ማዕረግ የሚጠራ ካይዘርሽማርን የተባለ ምግብ ስላላቸው፣ ፍርፍር የእኛ ብቻ አይምሰለን።)

ዳሩ ግን ቅቤው ሲበዛ ሆድ ይከብዳል፤ በጾም ደግሞ ከነጭራሹ ይቀራል። ታዲያ ገንቢው ነገር ከየት ይምጣ? ከዚያው ከማሳችን ነው። በ100 ግራም የገብስ ዱቄት 10 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲገኝ፣ በባቄላ ግን 26 ግራም ያህል አለ፤ ገብስ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለውን ንጥረ ነገርም ባቄላ ያሟላለታል። በ1950ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ፋፋም እህልን ከጥራጥሬ ጋር ያጣመረ ነበር።

እኔ ይህን አንብቤ ጥሬውን ባቄላ አስፈጭቼ ባስጋገርሁ ጊዜ፣ ቂጣው ጥሬ ጥሬ ሸተተና ልጆቼ ገፉት። አማቴ ሰምተው «ባቄላ ሳይቆላ፣ ሳይከካ ማን ይበላዋል?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ መጽሐፉ ይህን አልነገረኝም ነበር።

እንግዲህ ባቄላውን ቆልቶ፣ ከክቶ፣ ገለባውን አበጥሮ ማስፈጨት ነው። 3 እጅ ገብስ ከ1 እጅ ባቄላ ጋር በውኃና በጨው አቡክቶ፣ በስሱ ጋግሮ በትኩሱ መቆራረስ። በጾም ቀን ከቅዳሴ በኋላ ለሚበላው 2 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይትና በርበሬ ይበቃል። በፍስክ ቀን ከሊጡ ጋር 2 እንቁላል ይመታል፤ ቅቤው ወደ 1 ማንኪያ ይቀነሳል፤ እርጎውም ለብቻው ቢቀርብ ልጆቹ ራሳቸው እየጨለፉ ይበሉታል።