ባደረባቸው ሕመም

በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ቆጠሩ፤ ይህን ያህል ዓመት በቅንነት አገለገሉ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ማንም ይሙት፣ ወረቀቱ አንድ ነው። እኔ የምጣላው ከዚያች «ባደረባቸው ሕመም» ጋር ነው። በአባቴ ላይ ያደረው ሕመም ስም ነበረው፤ የቆሽት ካንሰር።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ወደ አከርካሪ ተጠግቶ ነው ያለው። ዕጢ ቢበቅልበት በእጅ አይዳሰስም፤ ሲያምም በጨጓራና በወገብ ስም ነው የሚያመው። አባቴ ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ግማሽ ዕድሜውን መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው «ወገቤን» ቢል ማን ምን ይጠረጥራል? ፍል ውሃ ተመላለሰ፣ ወጌሻ አሸው። ምግብ ሲያስጠላው ጨጓራ ነው ተባለና ኦሜፕራዞል ተገዛ። በሰባዎቹ ዕድሜው፣ በቤተሰቡ የሌለ ስኳር ተገኘበት፤ መክሳቱም በዚያው ተሳበበ። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብላ የአገር መድኃኒት የጠቆመች ጎረቤት አለች። ለእያንዳንዱ ምልክት የሚበቃ ምክንያት ነበረን። አንድ ላይ የደመራቸው ሲቲ ስካን ነው፤ ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ተጭኖ ዘግቶታል፣ ወደ ጉበትም ተዛምቷል።

ቀድመን ብናውቅ ይድን ነበር እያልኩ ራሴን አላታልልም። ይህ ካንሰር ሲታወቅ ከአምስት ሕሙማን አራቱ ገደማ ለቀዶ ሕክምና አይደርሱም። በአሜሪካ እንኳ ከታወቀባቸው በኋላ አምስት ዓመት የሚቆዩት ከመቶ 13 ያህሉ ናቸው። ግን ጊዜው አጭር ከሆነ የማን ነው?

ዘመድ ተሰብስቦ «እንዳይነገረው» አለ። ታላቅ እህቴ እምቢ ብላ ነገረችው። እስከ ዛሬ ያኮረፋት አጎት አለን፤ ለእኔ ግን በዚያ ሰሞን ከቤታችን ሰው ደህና ሥራ የሠራች እሷ ናት። አባቴ ሲያውቅ ተራ በተራ ጉዳዩን ጨረሰ። ዕቁቡን ለማን እንደሚያስተላልፍ ተናገረ፣ ሕመሙ ሲጠናበት ሞርፊኑን በራሱ አፍ ጠየቀ። (ሱስ ያስይዛል ብለው የሚከለክሉ ቤተሰቦች አሉ። ሳምንታት ለቀሩት ሰው ሱስ ምኑ ነው?) ከሁሉ በፊት ግን ከኮምቦልቻ የድሮ ረዳቱን አስጠራ።

አባቴን ያወቅሁት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኛ ልጆቹ የምናውቀው መጥቶ የሚተኛ፣ ሲነሳ የሚሄድ ሰው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች የአሰብን መንገድ ከአልጋው ላይ እንደገና ነዱት። ጣርማበርን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያግሉ መውረድ፤ ከባቲ በታች ጎማው በሙቀት እንዳይፈነዳ ሌሊት መጓዝ፤ ሚሌ ላይ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ማርፈድ። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞሯል፤ ያንን መንገድ ግን ከልቡ አልወደደውም፣ ብዙም አላወሩበትም።

በ1977ቱ ድርቅ የእርዳታ ስንዴ ከአሰብ ኮምቦልቻ ያመላልስ እንደነበር እናውቃለን። ረዳቱ የነገረን ሌላውን ነው። ስንዴው ተራግፎ ሲያልቅ አባቴ ኤንትሬዋንም ተሳቢዋንም እንደተከፈቱ ትቶ «ሻይ ልጠጣ» ብሎ ይሄዳል። ሴቶቹ መጥረጊያና ቁና ይዘው ይወጣሉ፤ በጣውላው ስንጥቅ የገባችውን ፍሬ በጣት እያወጡ ይለቅማሉ። «ሻዩ አያልቅም፤ አንዱን ብርጭቆ ይዞ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ይቀመጣል። ‹ጋሼ፣ እንሂድ› ስለው ‹ገና ትኩስ ነው› ይለኛል» አለን። አባቴ ይህን ሲሰማ ወሬ ለማስቀየር ስለ ማርሽ ሳጥን ጠየቀው።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉት የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። «በሾፌርነት ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል» የሚለው ላይ ስንዴውን ጨመርኩበት፤ በዚህ አልተከራከሩኝም። «የቆሽት ካንሰር» የሚለው ላይ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነበባል?» አሉኝ። ተነበበ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ወንድሙ ስልሳ አልፎታል፤ በቅርቡ ስኳር ተገኝቶበታል፣ እየከሳ ነው፣ ጀርባውን ያመዋል፣ እሱ ግን ጨጓራ ነው ብሎ ሐኪም ቤት አልሄድም ብሏል። ሐኪም አይደለሁም፤ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል፣ ግን የሆድ ሲቲ ስካን ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪም ይጠይቅ አልኩት። «ኦሜፕራዞሉንስ ይተው?» አለኝ። እየዋጠም ቢሆን ይሂድ፣ ብቻ በዚህ ሳምንት ይሂድ አልኩት።