«በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?»

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን አባባል በቦንጋ ገበያ፣ በጊምቦና በጨና መንደሮች ያልሰማ ማን አለ? ቡናው ሳይለቀም ገንዘብ እንበዳደራለን። አባት ሲሞት «ልጆቹ ይስማማሉ» እያልን ውርሱን ሳናከፋፍል ዓመታት እናሳልፋለን። ስለምንተማመን ነው እንላለን። እውነቱ ግን ይህ መተማመን ሳይሆን ቸልተኝነት ነው።

መተማመን ከጽሑፍ ጋር የሚጣላ ቢሆን ኖሮ፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲኖረው ባላዘዘ ነበር። ያዘዘውም አማኞችን ነው። የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ዛሬ 500 ብር ምን ያህል ቡና ይገዛል? እንግዲህ ተበዳሪው ከካደ፣ አሥር ምስክር ብታቆም ምን ይጠቅምሃል? ያን ጊዜ ጠበቃ ብትቀጥርም ከባዶ እጅ ማስረጃ አይፈጥርልህም።

ከሁሉ የከፋው በእህቶቻችን ላይ የሚደርሰው ነው። ድርሻዋን የጠየቀች እህት «ወንድሞችሽን ልትከሺ ነው?» ተብላ ትወቀሳለች። ጉዳዩ ለሽማግሌ ይሰጣል፤ ሽማግሌውም ከቡና ለቀማ በኋላ፣ ከረመዳን በኋላ፣ ከዒድ በኋላ እያለ ይቀጥራል። እርቅ መልካም ነው፤ ሱልሕን ማን ይጠላል? ነገር ግን ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን ይርጋን አያቆምም። መብት ሳይኖረው ውርስ በያዘ ሰው ላይ እውነተኛው ወራሽ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። በወራሾች መካከል ያለው ክርክር ደግሞ የራሱ መልክ አለው። የትኛው ጊዜ በእርስዋ ላይ እንደሚሠራ የሚነግራት የሕግ አዋቂ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌው እንደተቀመጠ ትጠይቅ፣ ከተነሣ በኋላ አይደለም። በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው፤ ፈቃድዋን ማንም ሊነጥቃት አይችልም።

«ታዲያ ለሁሉም ነገር ጠበቃ ልቅጠር?» ትል ይሆናል። አይደለም። ባለዕዳው ካመነ፣ ወራሾቹም ተስማምተው የወራሽነት ማስረጃ ብቻ ከፈለጉ፣ ራስህ ቀርበህ መጨረስ ትችላለህ። ነገር ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርስህ፣ ቤት ስትሸጥ ወይም ስትገዛ፣ በውርሱ ውስጥ የቲሞች ሲኖሩ፣ ፍርድ ተፈርዶብህ ይግባኝ ስታስብ አትዘግይ። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ በሌለበት ይታይበታል። የይግባኝ ጊዜውም 60 ቀን ነው። የገጠር መሬት «ገዛሁ» የሚልም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የዳኝነት መክፈያ የሌለውም በድህነት ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል።

ስትቀጥርም የጥብቅና ፈቃዱን እይ፤ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋል፤ የሰነድህን ቅጂ ቤትህ አስቀር። በፍርድ ቤት በር ላይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ከሚልህ ሰው ግን ሽሽ! የሰውን ገንዘብ በዳኛ በኩል ለመብላት መሞከርን ያው ሱረቱል በቀራህ በ188ኛው አንቀጹ ከልክሏል።

«ጠበቃ ውሸታም ነው» የሚሉም አሉ። ጠበቃው እንዲዋሽለት የሚፈልገው ባለጉዳዩ አይደለምን? ሐቁን የሚያስነግር ሰው ምን ኃጢአት አለበት?

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! ያበደራችሁትን ዛሬ ጻፉ። የሞተ አባታችሁን ውርስ ዛሬ ለያዩ። ወንድማማችነትን የሚያፈርሰው ወረቀት አይደለም፤ ወረቀት ባለመኖሩ የሚመጣው ክህደት ነው። አላህ የየቲምን ሐቅ ከመብላት ይጠብቀን። አሚን።